የማታ በር

"ማታ ፔንጌ ሲከፈት መንገዱ ሁሉ ይርስ ነበር። ሸክሙ እየተንጠባጠበ፣ ሰዉ በሰልፍ ይገባል።"

"እርስዎ አይተዋል?"

"አባቴ ተሸክሟል እንጂ እኔ የት አይቼ!"

እንዲህ ያወሩ የነበሩት ሽማግሌው ቦልቴና ያኔ አዲስ ሙሽራ የነበረችው አስካለች ናቸው፤ በአጥር ወዲያና ወዲህ ቆመው። ኤርሳዶ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እንሰት ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ጣለ። ቦልቴ ወደ ዋናው ነገር ሲገባ እናቱ ጠራችውና ውሃ ላከችው። የቀረው ወሬ ቀረ። ኤርሳዶም አርባ አራት ዓመት ሙሉ ያቺን ቁራጭ በልቡ ሲያመላልሳት ኖረ።

ወሬው ስለ ካዎ ኬታ ነበር፤ ስለ ንጉሡ ቤት። ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታ ተደግፎ የተቀመጠው ግቢ ንጉሥ ከወጣበት መቶ ዓመት አልፎታል። ከንጉሡ በኋላ ገዥ ገባበት፤ የድንጋይ ቤት አሠራ። ከገዥው በኋላ ደርግ ገባበት፤ አዳራሽ ጨመረ። አሁን የወረዳው መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍለውታል፤ ፋይናንስ በገዥው እልፍኝ፣ ግብርና በፈረሶቹ ጋጣ፣ ፍትሕ በአዳራሹ። ሕዝቡ ግን ስሙን አልለወጠም። የመሬት ክርክር ያለበትን ገበሬ ወዴት ነህ ቢሉት "ካዎ ኬታ ቀጠሮ አለኝ" ነው የሚለው።

ኤርሳዶ የዚህ ግቢ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጧል። የቀረውን የተማረው ሊጣሉ ከተቀመጡ ወረቀቶችና ከባለጉዳዮች አፍ ነው። ባለጉዳይ ፋይሉ እንዲፈለግለት ሲመጣ ኤርሳዶ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተመላለሰ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፦ "አባትዎ ስለዚህ ግቢ ምን ይሉ ነበር?" ሰውዬው እስኪጨርስ ፋይሉን አግኝቶትም ቢሆን አያወጣውም። አያቋርጥም፣ አያርምም፤ ይሰማል ብቻ። እንዲህ እንዲህ እያለ በአሥራ ስምንት ዓመት አሥራ አንድ ደብተር ሞላ።

ነሐሴ 1999 ላይ፣ አዲሱ ሚሊኒየም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የግቢው ታሪክ በድንጋይ ተቀርጾ በሩ ላይ እንዲቆም የወረዳው የበዓል ኮሚቴ ወሰነ። ኤርሳዶ ወሬውን እንደሰማ ኮቱን አሳጥቦ ጠበቀ። ሥራው ለታምራት ተሰጠ።

ታምራት በታሪክ ዲግሪ ይዞ የመጣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። እዚሁ ወላይታ ቢወለድም ያደገው አዲስ አበባ፣ አጎቱ ቤት ነው። ወላይትኛውን ይሰማል፤ ሲናገር ግን ይደናቀፋል። ከመጣ አራት ወሩ ነው፤ የሙከራ ጊዜውን እንኳ አልጨረሰም። ለእሱ ግን አዲስ ወንበር ተገዛለት፤ ኤርሳዶ የሚቀመጠው አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈ ወንበር ላይ ነው። ለታምራት ላፕቶፕ ተሰጠው፣ የመስክ አበል ተፈቀደለት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሐብተማርያም በስብሰባ ላይ "የታሪክ ባለሙያችን" ብለው ጠሩት። ያቺ "ባለሙያችን" የምትባል ቃል ኤርሳዶ ሆድ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች።

"ጋሼ ኤርሳዶ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?" አለችው ጸሐፊዋ የማርያምወርቅ፣ ደብዳቤ ልታስመዘግብ መጥታ። "ቀንተው ነው አይደል?"

"በማን?"

"በዲግሪው ነዋ!"

"ልጄ የሚሆን ሰው ላይ እቀናለሁ?"

"በልጅማ ይብሳል" አለች እየሳቀች። "ወንበሩን አይተውታል? እንዲህ ነው የሚሽከረከረው። ትናንት አቶ ሐብተማርያም ራሳቸው ተቀምጠው አንዴ ዞሩበት።"

ኤርሳዶ ማህተሙን ከሚገባው በላይ ተጭኖ መታ።

ረቡዕ ጠዋት ታምራት ራሱ መጣ፤ በእጁ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዟል።

"ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ያዩልኝ። ኮሚቴው አጽድቆታል፤ ቅዳሜ ድንጋይ ጠራቢው ይጀምራል። የሰጡኝ የቦታ ስም ዝርዝር በጣም ጠቅሞኛል።"

ዝርዝሩን ኤርሳዶ ከወር በፊት በእጁ ጽፎ ሰጥቶታል፤ ስም ብቻ፣ ያለ ፍቺ። ፍቺው በደብተሮቹ ውስጥ ነበር፤ ደብተሮቹን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም። መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ዐይኑ ተተከለ። *የማታ በር፦ ንጉሡ የቀን ችሎት ፈጽመው ማታ ማታ ወደ እልፍኛቸው የሚገቡበት የነበረ።*

ማታ ፔንጌ! ፔንጌ በወላይትኛ በር ነው፤ ይህንን ልጁ አውቆታል። ማታ ግን የአማርኛው ማታ አይደለም። ታን ጠበቅ አድርገው ሲጠሯት ወተት ናት፤ ላላ ሲያደርጓት ሣር። በፊደል ሲጽፏት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ኤርሳዶ በደብተሩ የመዘገባት የወተት በር ብሎ ነው። ባለዲግሪው የወላይታን ቃል በአማርኛ አንብቦ፣ አንብቦም አልቀረ፣ ንጉሡን በምሽት አስገብቷቸዋል።

"እንዴት ነው ጋሼ? እርስዎ ካሉኝ ይበቃኛል።"

ኤርሳዶ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። "ጥሩ ነው" አለ። "ምንም እንከን የለውም።"

ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ዋለ። የምረቃው ዕለት ታየው፤ ከዞን የመጡት እንግዶች በፊት ረድፍ፣ ከበስተኋላቸው የአገር ሽማግሌ ተሰልፎ። ድንጋዩ ይገለጣል፣ ሽማግሌዎቹ ያነባሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከዚያ አንዱ "ኤርሳዶ እያለ እንዴት እንዲህ ይጻፋል?" ይላል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል።

ሐሙስ ጠዋት ግን ጸሎቱ እንቢ አለው። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ባልደረቦቹን በስም እየጠራ የሚጸልይ ሰው ነው፤ አቶ ሐብተማርያምን ከነቁጣቸው፣ የማርያምወርቅን ከነምላሷ፣ ዘበኛውን ከነእግሩ ሕመም። ታምራት ዘንድ ሲደርስ ምላሱ አልፎ ዘበኛውን ያዘ። ተመለሰና እንደገና ጀመረ። እንደገና አለፈው። "ጌታ ሆይ፣ እውነቱን እኮ እኔ ነኝ የማውቀው" አለ በመጨረሻ። ይህ ጸሎት እንዳልሆነ ራሱም ገብቶታል።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ወደ አስካለች ወረደ። ለምረቃው ቀን ምስክር እንድትሆነው ሊያዘጋጃት ነው፤ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የቦልቴን ወሬ እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ከእሷ ሌላ በሕይወት የለም፤ ወተት መሆኑን ተጠራጥሮ ስለማያውቅ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቃትም። ደጃፏ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች።

"አንተ የወረቀት አይጥ፣ ዛሬ ምን በላህ?" አለችው በወላይትኛ።

"የድሮ ወሬ ርቦኝ መጣሁ። ቦልቴ ስለ ወተት በር ያወራሽ ትዝ ይልሻል?"

ቢላዋዋ ቆመ። "የምን በር?"

"የወተት። ሸክሙ ሲንጠባጠብ፣ መንገዱ ሲርስ . . ."

አስካለች ጎደሬውን ከጭኗ ላይ አውርዳ ሳቀች፤ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። "ወተት? ወተት እያንጠባጠበ ንጉሥ ፊት የሚቀርብ ምን ዓይነት ድፍረት ያለው ሰው ነው! ሣር ነው እንጂ! የንጉሡ ቤት ሊከደን ሲል ከየቤቱ አንድ አንድ ሸክም ሣር ይመጣል። ጎህ ሳይቀድ ያጭዱታል፤ ከነጤዛው ይሸከሙታል። የሚንጠባጠበው ጤዛው ነው። አንተ ይህን አልሰማህም?"

"ውሃ ተላክሁ" አለ ኤርሳዶ፤ ድምፁ ወረደ።

"እንግዲህ ተላክ! ያ ከተሜው ልጅ እንኳ ካንተ ይሻላል። ባለፈው ድምፅ መቅጃውን ይዞ መጥቶ የማታ በር ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አላላና አሳምሮ ነው የጠራት። ጎሽ፣ ሣሩን ያውቃል ብዬ አዎ አልሁት። እግዜር ያሳድግህ ብዬ መረቅሁት።"

ለኤርሳዶ የምረቃው ዕለት እሷ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነስታ እንደዚህ ስትስቅ ታየው፤ በልጁ ሳይሆን በእሱ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያስረክብ ለስንቱ ባለጉዳይ "የወተት በር" እያለ አስረድቷል፣ ስንቱ ሰምቶ ለልጁ ነግሯል። ማውጫ ካርዱን ብቻ አንብቦ ፋይሉን ያልከፈተ ሰው መስሎ ራሱን አየው።

"ምነው ከሰልህ? ጎደሬ ይዘህ ሂድ።"

"ይቆይልኝ፣ ቢሮ ሳይዘጋ ልድረስ።"

ዳገቱ በዝናብ ጨቅይቷል፤ ሁለት ጊዜ እጁን መሬት አስነካው። ታምራትን ቢሮው ውስጥ አገኘው፤ ለጠራቢው የሚሰጠውን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል እያተመ ነበር። ጋሼን ከነጭቃው ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ።

"ይቀመጡ ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ።"

ኤርሳዶ አልተቀመጠም። ቆሞ ነገረው፤ ማታ ሣር እንደሆነ፣ ጤዛውን፣ ሸክሙን፣ እሱም ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ወተት ሲል እንደኖረ። ታምራት አንድ በአንድ ሰማና ዝግ ብሎ ቁጭ አለ።

"ረቡዕ ግን አይተውት ነበር። እንከን የለውም አሉኝ።"

"ሣር መሆኑን አላወቅሁም። የአማርኛው ማታ አለመሆኑን ግን አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ቀንቼብህ።"

ቃሏ ከአፉ ስትወጣ የገመታትን ያህል አልከበደችውም። ታምራት ግን እንዲህ ያለ መልስ ከትልቅ ሰው ሰምቶ አያውቅም። ከአታሚው የወጣውን ወረቀት አነሳ፣ አስቀመጠ።

"በእኔ? በምኔ?" አለ።

"ተወው፣ ዘርዝሬ አልጨርሰውም። ይልቅ አሁን ምን ይደረጋል?"

"አቶ ሐብተማርያም ካልፈረሙ አንድ ፊደል አይለወጥም። ኮሚቴው ፊት ምንጩን አረጋግጫለሁ ብዬ ነው ያስጸደቅሁት።" ልጁ ላቡን ጠረገ። "የሙከራ ጊዜዬ ሁለት ወር ይቀረዋል ጋሼ። ተሳስቼ ነበር ብዬ ብገባ . . . ያውቋቸዋል እሳቸውን። ለኮሚቴው የማስተካከያ ቅጽ ልሙላ እንኳ ብል፣ ስህተቱ ከየት መጣ የሚለው ቦታ ላይ የሰው ስም ይሞላል። ባዶ ቢሆን አይቀበሉትም።"

ከመተላለፊያው የአቶ ሐብተማርያም ሳል ተሰማ፤ ሊወጡ ቁልፍ እየፈለጉ ነው። ታምራት ጽሑፉን ይዞ ተነሳ፤ በሩ ድረስ ሄዶ ግን ተመለሰ።

ኤርሳዶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ስሙ በዚህ ግቢ ታሪክ ውስጥ እንዲገባ ስንት ዓመት ተመኝቷል።

"ፍቺ የሌለው ዝርዝር የሰጠህ መዝገብ ቤቱ ነው" አለ። "አይቶም ጥሩ ነው ያለህ መዝገብ ቤቱ ነው። ውሸት አለበት?"

"የለበትም፤ ግን እርስዎ . . ."

"በል ስሜን ሙላው። ከነአባቴ ሙላው፣ እኔ እፈርማለሁ።"

ታምራት ብዕሩን አነሳ። "አብረውኝ ይገባሉ?"

"እሺ" አለ ኤርሳዶ። "እንዲያውም እኔ ልቅደም፤ አንተ ከኋላዬ ና።"