በምድጃ የደረቀ አፈር

የአፈር መርማሪዋ ከመኪናው ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ስንጥቁን ነው። አስፋልቱ ገና ዓመት ሳይሞላው ከመሃሉ ተተርትሯል፤ እጅ ቢከቱበት እስከ አንጓ ይውጣል።

ወጣቱ መሐንዲስ ሽማግሌው ፎርማን ላይ ይጮሃል። "በደንብ አልጠቀጠቁትማ!"

ፎርማኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሽከረክራሉ። "ሠላሳ ዓመት መንገድ ጠቅጥቄያለሁ እኮ። መጠቅጠቂያው ሮለር ከባለቤቴ ይልቅ ያውቀኛል።"

"ታዲያ መንገዱን ጅብ በላው?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ምን እንደበላው ታውቃለች።

ባለፈው ክረምት ከዚህ ቦታ የተቆፈረው ጥቁር አፈር እንዲደርቅ ላቦራቶሪው ወለል ላይ ተሰጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው አፈር ከመመርመሩ በፊት በአየር እንጂ በምድጃ አይደርቅም። ኃይለኛ ሙቀት ካገኘው ጠባዩን ይደብቃል፤ ክረምት የሚያብጠው፣ በጋ የሚሰነጠቀው አመለኛ አፈር ጨዋ መስሎ ይቀርባል። ይህን ለአዲስ ገቢዎች የምታስተምረው ራሷ ናት። ግን ሰማዩ አልገለጥ አለ፤ መሐንዲሱም "ውጤቱ የት ደረሰ?" እያለ በስልክ ወጥሮ ያዛት። አፈሩን በትሪ አድርጋ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ውጤቱ አማረ፤ እሷም "ለመንገድ መሠረት ይሆናል" ብላ ፈረመች። ተዝቆ መጣል የነበረበት አፈር አስፋልት ለበሰ።

"ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ" አላቸው መሐንዲሱ ፎርማኑን።

ፎርማኑ ወደ እሷ ዞሩ። "አፈሩ ደህና ነው ብለሽ የለ፣ ልጄ? ያንቺ ወረቀት መቼም አይዋሽም። እንግዲያው ጥፋቱ የኔው ነው። እርጅና ነዋ! ዓይኔም ደክሟል።"

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ፊቷ ነደደ። ዝም ብትል የሚጠይቃት የለም፤ እሳቸው ግን እንጀራቸውን አጥተው፣ በእጃቸው ሥራ እንዳፈሩ ይሄዳሉ።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አለች። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። "አፈሩን በምድጃ አድርቄ ነው የመረመርኩት። ወረቀቱ ውሸት ነው።"

መሐንዲሱ አፉን ከፈተ፤ ያኔ በስልክ ወጥሮ መያዙ ትዝ ብሎት ይሁን ምን፣ መልሶ ገጠመው። ሠራተኞቹ መሬት መሬት አዩ።

ፎርማኑ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው ደፉ። "ምነው ያኔ ብትነግሪኝ" አሉ። "ዝናቡ እስኪያባራ አብረን እንጠብቅ ነበር።"

ከመኪናው አካፋና ጆንያ አወጣች፤ መንገዱ ዳር ወርዳ እንደ አዲስ የሚመረመር አፈር መቆፈር ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አካፋ ከጎኗ ሲያርፍ ሰማች። የማን እንደሆነ አውቃለች፤ ቀና ብላ ማየት ግን አቃታት።