ከባልዲው የወጣ ምሳ

የካሮት ልጣጭና የጎመን ግንድ በባልዲ ውሃ ዘፍዝፌ ሦስት ሳምንት ከደንኩት። ፈሳሹን አቅጥኜ ባጠጣው ቆስጣዬ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። ሽታው ግን የግቢውን ሰው መቆሚያ መቀመጫ አሳጣ። አከራያችን «የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቷል!» ብለው ቧንቧ ሠራተኛ ጠሩ። እኔም ምን በወጣኝ፣ አፌን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው አራት ቀን ሙሉ ግቢውን ሲቆፍር ግን አንጀቴን በላው፤ ከዚያው ቆስጣ እየሠራሁ ምሳ አበላሁት። በአምስተኛው ቀን አላስቻለኝም።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ የሚሸተው የእኔ ባልዲ ነው» አልኩት።

«እሱንማ በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፣ እማማ» አለኝ አፉን እየጠረገ።

«አንተ አጭበርባሪ! ታዲያ አራት ቀን ምን አስቆፈረህ?»

«ቆስጣው ነዋ!»