የጭስ ደሞዝ

ነርሷ የልጅቷን ጣት ወጋ አድርጋ ደሙን ለማሽኑ ስትሰጥ እናት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆመች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ለምዳዋለች።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" አለች ነርሷ ከማሽኑ ቀና ብላ። "መርዙ ከወሰኑ በታች ወርዷል። ልጅሽ እየዳነች ነው።"

"ተመስገን። የጭስ ደሞዙስ?"

የነርሷ ፈገግታ እዚያው ደረቀ።

ከሰፈሩ ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ አለ። ጭሱ ጣራ አይለይ፣ ድስት አይለይ፣ የሕፃን ደም አይለይ፣ ሁሉም ውስጥ ይገባል። ደሙ ከወሰን በላይ ለተመረዘ ልጅ ፋብሪካው በየወሩ እንዲከፍል ታዟል፤ ሰፈርተኛው "የጭስ ደሞዝ" የሚለው ይህን ነው። የእናትየዋ ቤት የቆመው በዚሁ ገንዘብ ነው። ባሏ እዚያው ባትሪ ሲፈለፍል ኖሮ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር "በቃህ" ተብሎ ተባሯል። የልጅቷ ወተትና እንቁላልም ከዚሁ ነበር የሚገዛው።

"ከእንግዲህ ይቆማል" አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ክፍያው ለተጎዳ ልጅ ነው።"

"ወተት አጠጫት፣ እሱ ነው የሚያሽላት ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ? በምን ገዝቼ ያጠጣኋት ይመስልሻል?"

"ልክ ነሽ፣ እህቴ።"

"ታዲያ ሲቆም ተመልሳ ልትታመምብኝ ነው?"

"ከታመመች ይቀጥላል።"

ነርሷ ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ራሷም ደነገጠች። ያልተበተነ ጥጥ መሰብሰብ ጀመረች። "ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉ አስበው እኮ አይደለም። ፋብሪካው በየልጁ መክፈል ሲከብደው የጭስ ማጣሪያ ያስገጥማል፤ እሱ ይረክስለታል ብለው ነው።"

"አስገጠመ?"

"መክፈሉ ረከሰለት።"

እናት የራሷን እጆች አየች። ከዓመት እስከ ዓመት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል፣ ባሏን ከደጅ ልብሱን ስታስወልቅ፣ ልጅቷን ቤት ቆልፋ በየሰዓቱ እጇን ስታስታጥብ ተሰነጣጥቀዋል።

"አሃ! ለካ ማጣሪያው እኔ ነኝ" አለች።

ነርሷ "ቀጣይ!" ብላ ወደ በሩ ተጣራች።

ቀጣይዋ ጎረቤቷ ነበረች፤ አፏ ስለማያርፍ "ራዲዮ" ይሏታል። ከወንድ ልጇ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች።

"ወረደ አሉሽ? ይብላኝልሽ!" አለች። "አጥቢ፣ ፈትጊ፣ ጥረጊ! እኔ አርፌ ቁጭ ብዬ፣ የኔው ከፋብሪካው አጥር ስር አይነሳም። ማሽኑ እሱን ሲያይ ይደነግጣል።"

"ልጅሽ እኮ ስሙን መጻፍ አቅቶታል አሉ።"

"አባቱስ መቼ ጻፈ?" ራዲዮ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ልጁ የጫማውን ማሰሪያ እያኘከ ነበር። ቁመቱ ከልጅቷ በእጥፍ ይበልጣል። እናቱ ስቃ ከጨረሰች በኋላ እሱም ሳቀ።

እናት የልጇን እጅ አፈፍ አድርጋ ወጣች።

ቤት ሲደርሱ ባልየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።

"እ? እንዴት ሆነች?"

"ዳነች።"

ፊቱ በራ። ቀጥሎ ነገሩ ገባውና ጠቆረ። "ሄጄ ልለምናቸው? ማንኛውንም ሥራ ቢሰጡኝ..."

"በየትኛው እጅህ? ውሃ እንኳ እኔ አይደለሁ የማጠጣህ?"

እንዲህ ተናግራው አታውቅም። እሱም አንገቱን ደፋ። ከመደርደሪያው ላይ የወተቱን ጆግ አንስታ አየችው፤ ከታች የቀረችውን ጭላጭ ለልጅቷ ሰጠቻት። ከውጭ፣ ፋብሪካው አመዱን ከሚደፋበት ጉብታ፣ የሰፈሩ ልጆች ሲንሸራተቱ ጩኸታቸው ይሰማል። ልጅቷ እንደ ወትሮዋ አፍንጫዋን በመስኮቱ ላይ ለጥፋ ታያቸዋለች።

እናት መቀርቀሪያውን አነሳች።

"ሂጂ፣ ተጫወቺ።"

"እዚያ? እውነት?"

"እውነት።"

"ጫማዬን ላድርግ?"

"ግድ የለም።"

ልጅቷ፣ እናቷ ሐሳቧን እንዳትቀይርባት ሮጣ ወጣች።

"የት ላክሻት?" አለ ባልየው።

"እንደገና እስኪመረምሯት ድረስ ነው። ከዚያ አጥባታለሁ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልከለከላትም።

ልጅቷ አመሻሽ ላይ ተመለሰች። እስከ ክርኗ ጠቁራለች፤ ስትስቅ ጥርሷ ብቻ ይታያል። እንደ ልማዷ መታጠቢያው ሳህን ጋ ሄዳ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆመች፤ እናቷ ውሃ እስክታፈስላት።

እናት ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ውሃ ነበረው። መልሳ አስቀመጠችው። ዳቦ ቆርሳ በተዘረጋው መዳፍ ላይ አኖረችላት።

"እማ፣ እጄስ?"

"ብዪ።"