ግራው አይሰራም

ሲምረት ለአባቷ ሄድፎን ለመግዛት የቆረጠችው ወይዘሮ ጀማነሽ እንደገና በራቸውን ያንኳኩ ቀን ነው። ወይዘሮ ጀማነሽ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ከእነሱ በታች ባለው ወለል የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። የልጅ ልጃቸው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየደረሰባት ነበር፤ የአባቷ የአቶ ፀሃዬ ቴሌቪዥን ደግሞ ወለሉን አልፎ ልጅቷ የምታጠናበት ክፍል ድረስ ይገባል። ሴትየዋ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ በትሕትና ተናገሩ። ሲምረትን ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

አባቷ አቶ ፀሃዬ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቂርቆስ ውስጥ በአንድ ጋራዥ፣ በባትላሜራ ሥራ ነው። የተጋጨ መኪና ሲመጣላቸው የተጨራመተውን ቆርቆሮ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ያቃኑ ነበር። ሥራ ካቆሙና ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ከፊታቸው አይጠፋም። ዜናውንም ኳሱንም ድራማውንም እኩል ያዩታል፤ ድምፁም ሁሌ ጣራ ይነካል። ይቀንሱት ስትላቸው፣ ታዲያ ምን ይሰማል ይሏታል። እሷም ክርክሩ ሲሰለቻት መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋለች።

ሲምረት ካዛንቺስ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ናት። ቤት ኪራይና አስቤዛ ሲነሳ ከደመወዟ የሚተርፋት ትንሽ ስለሆነ ለሄድፎኑ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ብር በላይ ላለማውጣት ወሰነች። በምሳ ሰዓቷ ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመረች። ድሮ የምታውቃቸው የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የነበሩበት መንገድ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። የቀሩት ሱቆች ደግሞ ያላቸው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ አንዱ የማትችለው፣ ሌላው የማታምነው። ሁሉም ሻጭ ኦርጅናል ነው ይላል። ካርቶኑ ላይ ባለው ስም ግን አንዱ ፊደል ተቀይሯል፣ አንዱ ተደግሟል።

መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን ትንሹን ኢርፎን ገዛች። አቶ ፀሃዬ ገና ሲያኝኩ ይወድቅባቸዋል። መልሰው ሲሰኩት ያማቸዋል። በሦስተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ከተው ረሱት፣ ቴሌቪዥኑም ወደ ጣራው ተመለሰ።

ቀጥሎ ትልቁን፣ ጆሮ የሚሸፍነውን፣ ገመድ የሌለውን ብሉቱዝ አመጣች። ይሄ ባሰ። ዜናው መሀል ላይ ቻርጁ ያልቅና አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ጆሯቸው ውስጥ አንድ ነገር ተናግራ ትጠፋለች። አቶ ፀሃዬ መነጽር ያደርጋሉ፤ ሄድፎኑ የመነጽሩን እጀታ ከጆሯቸው ጀርባ ካለው አጥንት ጋር ያጣብቀዋል።

«ጭንቅላቴን በጉጠት የያዙኝ ነው የመሰለኝ» አሏት አውልቀው እያስቀመጡ።

ልትመልሰው ስትሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳያት። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። ሲምረት ከሱቁ ወጥታ ታክሲ ተራ ቆማ ሳለች በንዴት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለዚህ ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ከዚያ በኋላ ነው ገቢሳ ጋ የሄደችው። ገቢሳ ካዛንቺስ ከአንድ ሆቴል ጎን በጣም ጠባብ ሱቅ ያለው፣ ብዙ የማያወራ ወጣት ነው። አባቷ መነጽር እንደሚያደርጉና ቶሎ እንደሚያማቸው ነገረችው። ቀላል፣ ስፖንጁ ወፍራምና ለስላሳ፣ ባለ ረጅም ገመድ ሄድፎን አወጣላት። ገመዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል፣ ቻርጅ የለ፣ ምን የለ። ሲምረት በጣቶቿ ስፖንጁን ደጋግማ ተጫነችው። ዋጋውም ካሰበችው ብዙ አላለፈም።

አቶ ፀሃዬ ማታ አደረጉት። ፊታቸው ፈታ አለ። አልጨመቀኝም፣ መነጽሩንም አልነካውም አሏት። ጠዋት ልትወጣ ስትል ግን ጠሯት።

«ዕቃው ደህና ነው። ግን ግራው አይሰራም።»

ሲምረት ሄድፎኑን ከእጃቸው ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ቢሮ ሳትገባም በቀጥታ ገቢሳ ሱቅ ሄደች። ገቢሳ ስልኩ ላይ ሰክቶ አዳመጠና ሁለቱም ጎን እንደሚሰራ ነገራት። ስሚው ብሎ ሲዘረጋላት አልተቀበለችውም። ይህን ያህል ስትታለል ከርማለችና በእሱም ቢሆን ልትሸነፍ አልፈለገችም።

«አባቴ ይዋሻሉ ነው የምትለኝ?»

«እንደሱ አላልኩም፣ እህቴ።»

ሌላ ደንበኛ ቆሞ ይሰማ ነበር። ድምጿን ከፍ አደረገች፣ አጭበርባሪ አለችው፣ ስለ ነጋዴ ሁሉ የተናገረችውን ኋላ ስታስታውሰው አፈረችበት። ገቢሳ አዲስ ካርቶን ከፍቶ ቀየረላት።

ማታ አዲሱን ሰክታላቸው አጠገባቸው ቆመች። ኳስ ነበር። አቶ ፀሃዬ ትንሽ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄም ግራው አይሰራም።»

ሲምረት ከራሳቸው ላይ አውልቃ ራሷ አደረገችው። የተንታኙ ድምፅ፣ የተመልካቹ ጩኸት፣ በግራም በቀኝም ጥርት ብሎ ይሰማል። መልሳ አደረገችላቸው። ግራው የለም አሏት። ትንሽ አሰበችና ሄድፎኑን አዙራ፣ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አድርጋ ጫነችላቸው።

«አሁንስ፣ አቦይ?»

«አሁንም ግራው ነው።»

ሲምረት የቀኙን ከጆሯቸው ላይ ቀስ ብላ አነሳችና በግራ በኩል ያለውን ብቻ ተወችላቸው። የኳሱ ጩኸት ለቆመችው ለእሷ ሳይቀር ይሰማታል። አቶ ፀሃዬ ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ።

«አጠፋሽው እንዴ?» አሏት።

ሲምረት ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የማይሰራው ሄድፎኑ ሳይሆን የግራ ጆሯቸው እንደሆነ ነገረቻቸው። አቶ ፀሃዬ መጀመሪያ አላመኑም፤ ራሳቸው እያዟዟሩ ሞከሩት። በመጨረሻ ሄድፎኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ስልክ ሁልጊዜ በቀኝ ነው የማነሳው አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አያውቁም። እሷም አታውቅም። እናቷ ካረፉ በኋላ ግን ሲምረት ገበታ ላይ በግራቸው ነበር የምትቀመጠው። ስታወራቸው ዝም ሲሏት፣ በሐዘኑ አኩርፈዋል፣ እኔን ማየት ጠልተዋል ብላ ስንት ጊዜ ሳህኗን ይዛ እንደተነሳች አስታወሰች። ያንን አልነገረቻቸውም።

ሲምረት ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። የጆሮ ሐኪሙ ጆሯቸውን አይቶ፣ በማሽንም መርምሮ፣ የግራው እንደማይመለስ ነገራቸው። የመዶሻው ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ሊሆን ይችላል፣ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም አለ። ቀኙ ገና ደህና ስለሆነ እንዲጠነቀቁለት፣ ድምፅ እንዳያስጮሁበት አስጠነቀቀ። የመስሚያ መሣሪያውን ዋጋ ሲነግራቸው አባትና ልጅ ተያዩ። ሄድፎን ካደረጉ የሁለቱም ጎን ድምፅ ተደባልቆ በቀኙ እንዲገባ ያድርጉ፣ አለበለዚያ ግማሹ ይቀርብዎታል አላቸው። ቴሌቪዥናቸው እንደዚያ ዓይነት ማስተካከያ አልነበረውም። ለዚህ የምትሆን፣ በገመዱ መሀል የምትገባ ትንሽ ማገናኛ መግዛት ነበረባቸው።

ሲምረት አስቀድማ ገቢሳ ጋ ሄደች። ይቅርታ ጠየቀችው፤ መናገሩ ከጠበቀችው በላይ ከበዳት። ችግር የለም አላት፣ ግን ፊቱ እንደ ድሮው አልሆነም። ማገናኛው አልነበረውም። ሌሎቹም ጋ የለም። አንዱ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሌላ ሸጠላት፣ ቤት ስትደርስ አልገጥም አለ። ስንት የምሳ ሰዓት ከጨረሰች በኋላ መስቀል ፍላወር፣ ለሠርግ አዳራሽ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራይ ሰውዬ ጋ አገኘችው። ያገለገለ ነበር፣ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

ያን ቀን ማታ አቶ ፀሃዬ ሄድፎኑን አድርገው ድራማ ያያሉ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ፍሪጁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፣ ውጭ ደረጃው ላይ የሚወጣ ሰው ኮቴ ይሰማል። ሲምረት ምግብ አቀረበችና ጠራቻቸው። አልሰሟትም። ደግማ ጠራቻቸው። እሳቸው ለእሷ በማይሰማት ነገር ብቻቸውን ሳቁ። በስተቀኛቸው ዞራ ሄዳ ትከሻቸውን ነካቻቸው።

አቶ ፀሃዬ የቀኙን ስፖንጅ አንስተው ቀና አሉ።

«እራት ቀርቧል።»

«እሺ፣ እሺ። ይቺ ታልቅ» አሏት፣ ስፖንጁንም መለሱት።

ሲምረት ገበታው ጋ ተመልሳ ተቀመጠች። ወጡ ላይ ክዳን አደረገችበትና ድራማው እስኪያልቅ መጠበቅ ጀመረች።