የቅዳሜው ዳዊት

ብዙነሽ ፊደል አትለይም። ይህን በገሳይ መንደር የማያውቅ የለም፤ ያላወቀ ካለም ራሷ ትነግረዋለች። ዳዊቱን ግን ባሏ የኔታ ሙላቴ ተማሪዎቹን ሲያስጠኑ፣ እርሷ ቆሎ እየቆላች በጆሮዋ ጠጣችው፤ አርባ ዓመት ሙሉ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችው የጎረቤት ልጅ ዝናሽ በየጠዋቱ መጽሐፏን ይዛ ትመጣለች። ልጅቱ በዓይኗ ታነባለች፤ አሮጊቷ በጆሮዋ ታርማለች።

«ተነሺው ቃል ላይ ድምፅሽን አንሺ! ወዳቂው ላይ ጣይ! ግእዝ ነው እንጂ የመኪና ረዳት ጥሪ መሰለሽ?»

ልጅቱ አቃንታ ስትደግመው ብዙነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና «ተመስገን፣ ዛሬንም አሰማኸኝ» ትላለች። በሆዷ ነው፤ ልጅቱ ሰምታ እንዳትኮራባት። ቀኗ የሚነጋው በዚያች መሥመር ነው።

ወሬ መች ያርፋል? አንድ ጠዋት የባሏ የድሮ ተማሪ፣ መሪጌታ አስናቀ፣ ከሰበካው ተልኮ መጣ።

«እማማ፣ ፊደል ሳይለዩ ዳዊት ያስተምራሉ ተባለ። ልጠይቅዎ ነው። ካልመለሱ ዝናሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ አትመጣም።»

«የበላኸው ቆሎዬ ከጥርስህ ሳይወጣ፣ አንተ ልትፈትነኝ!»

ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

አስናቀ የዝናሽን ዳዊት ተቀብሎ አንድ መሥመር ጀመረላት፤ ተከታዩን አንበለበለችለት። ከመካከል ጀመረላት፤ አሁንም አልቆመችም። አስናቀ ወደ መጨረሻዎቹ መዝሙሮች ገልጦ አነበበ።

ብዙነሽ ጆሮዋን አቀናች፤ መሥመሩ እንግዳ ሆነባት።

«ይቀጥሉ እንጂ።»

ዝናሽ ልትነግራት ከንፈሯን ስታላቅቅ ብዙነሽ በዓይኗ ገሠጸቻት። «ራሴን አዞረኝ» ብትል ማን ይመረምራት ነበር?

«አላውቀውም» አለች። «የቅዳሜው ነው። ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ ሲደገም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ገበያ ነበርሁ። የምትበሉት ከሰማይ የሚዘንብ መስሏችሁ ነበር?»

አስናቀ መጽሐፉን ዘጋ። «ታዲያ የቅዳሜውን እንዴት ያስተምሯታል?»

«አላስተምራትም። የሌለኝን አልሰጥም። እስከ ዓርብ ያለው ግን የኔ ነው፤ አትንካብኝ። ቅዳሜውን አንተ አስተምራት።»

መሪጌታው ወደ ዝናሽ ዞረ።

«እሳቸው አብረውኝ ካልመጡ እኔም እርስዎ ዘንድ አልመጣም» አለች ልጅቱ።

አስናቀ መጽሐፉን ለልጅቱ መለሰላት።

«እንግዲያው ይሁን» አለ። «እስከ ዓርብ እርስዎ ዘንድ። ቅዳሜ ሁለታችሁም እኔ ዘንድ።»

ብዙነሽ ወደ ልጅቱ ተመለሰች። «ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?» አለቻት ዝናሽን። «የዛሬው መቼ ተነበበና!»

መሪጌታው ከደጅ ሳይወጣ ልጅቱ ንባቧን ጀመረች።