ብቻውን የወረደ

በእኛ ቁልቁለት ላይ ማንም ብቻውን አይወርድም። ውድድሩን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር የመንገድ መዝጊያ ፈቃድ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የምንከራተተው፣ ለኩርባዎቹ የገለባ እስር የምለምነው፣ ጠጠር የትንሽ ጎማ ጠላት ነውና አስፋልቱን ከላይ እስከ ታች የምጠርገው እኔ። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ውድድሩ ይዘገያል፣ ሰው ያጉረመርማል፣ በቃ። ተወዳዳሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር ግን ቀልድ የለበትም። ስኬትቦርድ ላይ ቆሞ የሚወርድም ሆነ ሉጅ በሚባለው ዝቅ ያለ ባለጎማ ሰሌዳ ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሩን አስቀድሞ የሚወርድ፣ ከጎኑ የግድ ሰው ይኖራል። ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነ አጎቴ ያንን ሆዱን ይዞ ይተኛበታል፤ ሰሌዳው እያቃሰተም ቢሆን ይወርዳል።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ መነሻው ላይ ባንዲራ የሚያወርደውም እሱ ነው። ሕጉን የነገረኝ ገና ልጅ ሳለሁ ነበር። መነሻው ላይ በነጭ ቀለም የተሠሩ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ባዶ ሆኖ ባንዲራ ከወረደ፣ ዳገቱ ላይ የሚጠብቀው ይገባበታል። ሁለት ሆነው ይነሳሉ፣ አንዱ ብቻ ይደርሳል። የሚደርሰው የሚጠብቀው ነው፤ በወረደው ሰው ፋንታ ወደ ቤት ይሄዳል። የወረደው ሰው ደግሞ በእሱ ፋንታ ዳገቱ ላይ ቀርቶ ይጠብቃል።

«የሚጠብቀው ማነው?» ብለው፣ «እኔ ምን አውቄ፣ ወጥተሽ ጠይቂው» አለኝ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር። ውድድሩን የመሠረተው እሱ ነው፤ ቁጡ፣ ነገረኛ፣ ምስጋና የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው። እናቴ ያቀረበችለትን ጥርግ አድርጎ በልቶ «ጨው በዝቷል» ብሎ ይነሳል። እኔንም ሉጅ ያስተማረኝ በስድብ ነው። በወደቅኩ ቁጥር ግን ከሁሉም ቀድሞ አጠገቤ የሚደርሰው እሱ ነበር፤ እየተሳደበም ጉልበቴን ይዳብስልኛል። እወደው ነበር።

ከሦስት ወቅት በፊት፣ በመጨረሻው ዙር፣ ከአባቴ ጎን የሚወርደው ሰው ጎማው መነሻው ላይ ተሰበረ። አጎቴ «ሌላ ሰው እስኪመጣ ቆይ» አለው። አባቴ እሳት ጎርሶ፣ «መንገዱ ሊከፈትብን ነው፤ በተረትህ ቀኔን አታበላሽብኝ፣ አውርደው» አለ። አጎቴም ባንዲራውን አወረደው።

እኔ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት ሉጆች ጎን ለጎን ሲያልፉ አየሁ። አንዱ አባቴ ነው። ሌላው ልብሱም ሄልሜቱም የአባቴ ዓይነት ነው። ሉጅ የሚነዳ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ አያነሳም፤ ያ ሰው ግን አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ከኩርባው እስኪሰወር ድረስ አየኝ።

በሬዲዮ «ሁለት አለፉ» አልኩ። ሰዓት ያዡ ከታች «አንድ ደርሷል» አለኝ።

ሮጬ ወረድኩ። አባቴ ሄልሜቱን አውልቆ ቆሟል፤ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልጎደለችም። ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጨረሰና «ተባረኪ፣ ልጄ» አለኝ። መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ እለዋለሁ። አባቴን አንተ ነበር የምለው። ሰውየው አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። በቤታችን ሰላም ወረደ። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሳህን ያጥባል፣ ለዓመታት ሲያንጠባጥብ የኖረውን ቧንቧ ጠገነ፣ ከበላ በኋላ እናቴን «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። ጎረቤቶች «አባትሽን ዕድሜ አስተማረው» ይሉኛል። ሲተኛ ግን በጀርባው ነው፤ እግሩን ገትሮ፣ እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ ዓይኑን ሳይከድን። ሻይ ይዤለት ስገባ እንደዚያ ሆኖ አገኘውና ሻዩን በር ላይ ትቼ እመለሳለሁ።

አባቴ ዳገቱ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። በየወቅቱ፣ በውድድሩ ዕለት ጠዋት መንገዱን ልጠርግ ስወጣ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ የደረደርኩት ገለባ ፈርሶ እንደገና ተደርድሮ አገኘዋለሁ። በውጭ በኩል ድርብ ነው፤ ገመዱም በግራ ተቋጥሯል። በግራ የሚቋጥር እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ወቅት እዚያው ቆሜ «አባዬ» ብዬ ተጣራሁ። መጥረጊያዬን አንስቼ ዞር ስል፣ ላልቶ የነበረው አንዱ እስር ጠብቆ ታስሯል። ሆድ ባሰኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ለእናቴ ልነግራት ወሰንኩ። ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች። በሕይወቴ ስታንጎራጉር የሰማኋት ያ ሰውዬ ከመጣ ወዲህ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ እሱ እኮ አባዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ እጇን ከውሃው ሳታወጣ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ገለባውንም፣ ኩርባውንም። «ይሄኛውን ብቻውን ካወረድኩት ይቀያየራሉ። አባዬ ይመለሳል።»

«አባትሽን ዕድሜዬን ሙሉ ችዬው ኖሬያለሁ» አለች። «የእህል ውሃ ነገር ነው፤ አልተማረርኩም። አሁን ትንሽ ባርፍ ምን አለበት? ተዪልኝ፣ ልጄ።»

«አባዬ ዳገት ላይ ብቻውን ቀርቶ?»

«ገለባውን እየደረደረ አይደል? ከዚያ የበለጠ ምን ይወዳል?»

ተናድጄ በሩን በላይዋ ላይ ዘግቼ ወጣሁ። አጎቴም ሐሳቤን ሲሰማ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ» አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እናቴ ባል አግኝታለች፣ እኔ ግን አባቴን አጥቻለሁ፤ ያኔ የታየኝ ይሄ ብቻ ነበር።

ሰውየውን «ዘንድሮ አንድ ዙር ይወርዱልኛል?» አልኩት። «እሺ» አለኝ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ባንዲራውን ከአጎቴ ተቀበልኩና እሱን ወደ ሦስተኛው ኩርባ ላክሁት። ሰውየው የአባቴን የቆዳ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ሉጁን በቀኙ ቦታ አስቀመጠ። የግራውን ባዶ ቦታ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ከጎኔ ሰው የለም?»

«የለም» አልኩት።

የጓንቱን ማሰሪያ አጠበቀ። «የቧንቧው ላስቲክ ብዙ አይቆይም። አዲስ ገዝቼ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ እናትሽ እንዳትቸገር።»

አንጀቴን በላው። ይቅር፣ ወደ ቤት እንሂድ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን «እሺ» ብቻ ነው። ሄልሜቱን አጥልቆ በጀርባው ተኛ። ያኔ ከባዶው ቦታ የቆዳ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የማየው ነገር የለም፣ አስፋልት ብቻ። ቀጥሎ ጎሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። አባቴ ሊቆጣ ሲል እንደዚያ ነው የሚጠርገው።

ባንዲራውን አወረድኩ።

«ሁለት አለፉ» አለ አጎቴ በሬዲዮ። ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ። ዝምታው አላልቅ ብሎኝ መኪናዬን አስነስቼ ቁልቁል መንዳት ጀምሬ ነበር፣ ሰዓት ያዡ «አንድ ደርሷል» ሲል።

ስደርስ አባቴ ሄልሜቱን መሬት ላይ ወርውሮ ሰዓት ያዡ ላይ ይጮሃል። «ገለባውን እንደዚያ የሚያስረው ማነው? ሰው ልትፈጁ ነው? እኔ ሳስተካክል እጄ አለቀ።» ተጠመጠምኩበት። የገለባ ሽታ ሸተተኝ። እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም «ልብሴን አታርጥቢው» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አመሻሹ ላይ እናቴ በሩን ከፈተችልን። አባቴ ከነጫማው አልፏት ገባ። ወለሉ ላይ የቀረውን የጫማ ምልክት አየች፤ ማን እንደመጣ ገባት። ሾርባ ቀድታ አቀረበችለት። እኔ በመንገዱ፣ በፈቃዱ፣ በሚመጣው ወቅት እያወራሁ ቀባጠርኩ፤ እሱ እየበላ ተከራከረኝ፣ ሰደበኝ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሳና ሊተኛ ሄደ። ከመኝታ ቤት ወዲያው ማንኮራፋቱ ተሰማ።

እናቴ ሳህኑን አንስታ መታጠቢያው ላይ አስቀመጠችው። ውሃውን አልከፈተችም።

«ልጄ» አለችኝ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«አቤት፣ እማዬ።»

«ያኛው፣ ስትለቂው፣ ከውስጥ ሹራብ ለብሶ ነበር? እዚያ ላይ እኮ ይበርዳል።»