የሞተች መርከብ ቁጥር

ካፒቴኑ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ከባሕር ጋር ያስተዋወቃት፣ ካርታ ማንበብ ያስተማራት፣ ኋላም በሚመራት የጭነት መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን ሆና እንድትቀጠር ያደረገው እሱ ነው። እሷም ውለታ አትረሳም። «ጋሼ» ካለች በኋላ ክፉ ቃል አስከትላ አታውቅም፤ እስከዚያች ጠዋት ድረስ።

መርከቧ ከወደቡ ራቅ ብላ መልሕቅ ጥላ ነበር። መኮንኗ ወደ መሪው ክፍል ስትወጣ፣ ሁለት መርከበኞች ከኋላ በኩል በገመድ ተንጠልጥለው የመርከቧን ስም በቀለም ሲያጠፉ አየች።

«ምን እየተሠራ ነው ጋሼ?»

«የመርከቧ ባለቤት ስም ቀየረላት። አንቺ ደግሞ ሬዲዮው ላይ ይህን ቁጥር አስገቢ» ብሎ ሰባት አሃዝ ነገራት።

ሬዲዮው የመርከቧን ማንነትና ያለችበትን ቦታ ሳያቋርጥ ይናገራል። ሌሎች መርከቦችም፣ የወደብ ሰዎችም፣ ቤት የቀረ ዘመድም የሚያገኛት በዚያ ነው። የመርከብ ስም እንደ ልብስ ይቀየራል፤ ባንዲራም እንዲሁ። ቁጥሯ ግን ስትወለድ ተሰጥቷት እስክትፈርስ አብሯት ይኖራል።

መኮንኗ የተነገራትን ቁጥር ኮምፒዩተሩ ላይ ፈለገችው። የቁጥሩ ባለቤት ተቆራርጣ ለብረት የተሸጠች ሌላ መርከብ ሆና ተገኘች።

«ይህቺ እኮ ሞታለች» አለች።

«ሞታ ነዋ፤ ተነሥታ አትከሰንም።»

«የሞተ ሰው መታወቂያ ይዤ አልሄድም ጋሼ።»

ካፒቴኑ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የምንጭነው ከተከለከለ ወደብ ነው። በራሳችን ቁጥር ከሄድን ያዙን ማለት ነው። ደርሰን እስክንመለስ ብቻ ታገሺ» አላት።

«እስክንመለስ ብንሰጥምስ? ማንን ብለው ይፈልጉናል?»

«ሟርትሽን ለራስሽ። ሰው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፤ ትሰሚኛለሽ።»

«ሰው ስላደረጉኝ ነው እምቢ የምለው።»

ከክፍሉ አስወጣትና ቁጥሩን በገዛ እጁ አስገባው።

እሷ ግን ወደ መኝታዋ አልሄደችም። ደረጃውን ቁልቁል ወርዳ ሞተር ክፍል ገባች። ዋና መሐንዲሱ ሲናገር ጆሮ ስለሚያደነቁር «ነጎድጓድ» የሚሉት ሽማግሌ ነው። ሁሉንም ነገረችው። ሽማግሌው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ግድግዳውን አየ። የመርከቧ ቁጥር እዚያም በብየዳ ጎልቶ ተጽፏል።

«ይህንንስ በብረት መፍጫ ፋቀው ሊለኝ ነው?»

«ነገ ይሉዎታል።»

ስልኩን አንስቶ ወደ ላይ ደወለ። «ካፒቴን፣ ቁጥሯ እስኪመለስ ሞተር አላስነሳም» አለ፣ በለሆሳስ። ነጎድጓድ በለሆሳስ ሲናገር ሰምቶ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ወሬው መርከቧን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ስም የሚያጠፉት ሁለቱ መርከበኞችም ብሩሻቸውን ጥለው ወጡ።

ካፒቴኑ ብቻውን ቀረ። ባለቤቱ በሳተላይት ስልክ ሲጮኽበት ቆይቶ ዘጋበት። ወዲያው ደግሞ ታላቅ እህቱ ደወለች። መርከቧ በእሷ ስልክ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ናት፤ በየማለዳው ያቺን ነጥብ ሳታይ ሥራ አትጀምርም።

«የት ገባችሁ? ካርታው ላይ የላችሁም።»

«ደህና ነን እትዬ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው።»

«ልጄን አቅርብልኝ።»

መኮንኗን አስጠርቶ፣ እሱም እንዲሰማ አድርጎ ስልኩን ከፈተላት። ትሸፋፍንልኛለች ብሎ ይሆናል።

«እማ፣ በሞተች መርከብ ቁጥር ሊወስዱን ነው። እኔ እምቢ ብያለሁ» አለች።

እናትየዋ «ስማኝ ወንድሜ» አለችው። «ባሕሩ ልጄን ቢወስዳት እንኳ የት እንደወሰዳት ልወቅ። ይህንን የመንፈግ መብት የለህም።»

ካፒቴኑ ስልኩን ዘግቶ ትክክለኛውን ቁጥር መለሰ። ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

ባለቤቱ ካፒቴኑን፣ መኮንኗንና ነጎድጓድን ከሥራ አባሮ በቀጣዩ ወደብ አራገፋቸው። አጎትና የእህት ልጅ በአንድ አውቶቡስ ወደ አገራቸው ተጓዙ፤ እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ ተቀምጠው። ሲወርዱ፣ «ጉሮሮዬን ዘጋሽው» አላት።

«አውቃለሁ፤ የእኔም ተዘግቷል» አለችው ሻንጣዋን እየተሸከመች። «ነገም ቢያዙኝ ግን እምቢ እላለሁ ጋሼ።»

እሱ ወደ እህቱ ቤት ሳይዘልቅ ሄደ። እሷ ቀና ብላ፣ በራፉ ላይ ቆማ ስትጠብቃት ወደነበረችው እናቷ ተራመደች።